ለአዳማ አፈር የትኛው የብረታ ብረት መፈለጊያ ይሻላል? የጀማሪ የንጽጽር መመሪያ

በአዳማ የብረታ ብረት መፈለጊያ ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ድረስ ያያል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ያውቃልና በማስታወቂያው ላይ ከሁሉ አጉልቶ የሚጽፈው ይህንኑ ቁጥር ነው። እኔ ግን ጥልቀት የመጨረሻው ጥያቄ መሆን አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ አፈሩ ይታያል፤ ቀጥሎ የሚፈለገው ዕቃ፤ ከዚያ ፈላጊው ለመማር ያለው ትዕግሥት። ከተማችን የተቆረቆረችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በእሳተ ገሞራ አመድና ዐለት ላይ ነው። በሌላ አገር ለስላሳ የእርሻ አፈር ላይ ተፈትኖ የተመሰገነ ማሽን እዚህ ሲመጣ ጥልቀቱ ሊቀንስ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ሲጮኽ ሊውል ይችላል።

ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ

ማሽን ከመምረጥዎ በፊት ምን ሊፈልጉበት እንደሆነ ለራስዎ ይመልሱ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንም መቆፈርንም ይከለክላል። አንድ ሰው በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ በአጋጣሚ ቢያገኝ ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት፤ ዛሬ ይህን ሥራ የያዘው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ በሌሎች አገሮች ብዙ ሰው በዕረፍት ቀኑ የሚያደርገው የቆየ ዕቃ ፍለጋ እዚህ በሁለት መንገድ ብቻ ይሠራል፤ አንደኛው ፈቃድ ካላቸው ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ማገዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ በራስ ግቢ ወይም በባለቤቱ ፈቃድ በሰው ይዞታ ላይ የጠፋ ቀለበት፣ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ፣ እርሻ ውስጥ የቀረ ማረሻ እና የመሳሰለውን መፈለግ ነው። ወርቅ ፍለጋ የሚሄድም የማዕድን ፈቃድ ጉዳይ ይጠብቀዋል። ከውጭ አገር ማሽን ለማስመጣት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ጉምሩክ ኮሚሽን ሄዶ ምን ፈቃድ እንደሚጠየቅ ይጠይቅ፤ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ መጠየቅ አይጠቅምም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ለቅጣት ብቻ ብዬ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ያለው ጥንታዊ ነገር አብዛኛው የባልጩት መሣሪያ፣ ሸክላና አጥንት ነው። ማሽኑ ከእነዚህ አንዱንም አያይም። አንዲት የመዳብ ቁራጭ በማሽኑ ድምፅ ስትጣራ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ማሽኑ ያላያቸውን ሁሉ አፍርሶ ያልፋል። በአንጻሩ በሥርዓት ሲሠራ ይኸው መሣሪያ ታሪክ ያወጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1876 የሊትል ቢግሆርን ጦርነት የተደረገበት ሜዳ በ1983 ሣሩ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከፈቃደኛ ማሽን ያዦች ጋር ሜዳውን ፈተሹ። ድምፅ በተሰማበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ባንዲራ ተተከለ፤ እያንዳንዱ ጥይትና ቀለህ ከመነሣቱ በፊት ቦታው በካርታ ላይ ተመዘገበ። ከዚያ መዝገብ ተነሥተው ተዋጊዎቹ በሜዳው ላይ እንዴት እንደተንቀሳቀሱ ማሳየት ቻሉ። ጥይቶቹ በኪስ ተከትተው ቢወሰዱ ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር።

አፈሩን በማግኔት መፈተሽ

ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለው በደረቅ አፈር ላይ ይጎትቱት። ፌስታሉ ጥቁር ጢም ካበቀለ አፈሩ ውስጥ ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን በብዛት አለ ማለት ነው። ይህ ፈተና ያለ ወጪ የሚደረግና ከማንኛውም የሽያጭ ወረቀት የበለጠ የሚነግርዎ ነው።

በአዳማ ዙሪያ አፈሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ነጣ ያለው፣ በእጅ ሲያሹት የሚንኮሻኮሸው የእሳተ ገሞራ አመድ ብዙውን ጊዜ ማግኔታይቱ ጥቂት ነው፤ ማሽኑ በላዩ ላይ ረጋ ብሎ ይሠራል። ጥቁሩ ባሳልትና ለመንገድ ሙሊት የሚጫነው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ግን ሌላ ነገር ነው። በቦሰት ተራራ በኩል እንደሚታየው ያለ ጥቁር የላቫ ድንጋይ፣ ቡጢ የምታህል ቁራጭ ብቻዋን ማሽኑን «ብረት አገኘሁ» ልታሰኘው ትችላለች። በእሳት የተቃጠለ ቦታም፣ የከሰል ማክሰያ ይሁን የጡብ ምድጃ፣ አፈሩ ስለተቃጠለ ማግኔታዊነቱ ይጨምራል። በመተሐራ በኩል በበሰቃ ሐይቅ ዳር ያለው እርጥብ ጨዋማ አፈር ደግሞ በሌላ ጠባዩ ያስቸግራል፤ ጨውና ውሃ ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉና ማሽኑ መሬቱን ራሱን እንደ ብረታ ብረት ይቆጥረዋል።

ሌላው የአዳማ ችግር ከመሬት በላይ ያለው ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ በዙሪያችን የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያና የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች አሉ። በእነዚህ አጠገብ ማሽን ይንጫጫል። ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን፣ ማሽኑ ደካማ ምልክት የመስማት አቅሙን የሚወስነውን ማስተካከያ ዝቅ ማድረግ፣ ፍሪኩዌንሲውን (ማሽኑ የሚልከው ሞገድ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ) መቀየር፣ ሞባይል ስልክን ከኪስ አውጥቶ ማራቅ ይረዳል።

አንድ ፍሪኩዌንሲ ያላቸው ማሽኖች

አብዛኛው ማሽን የሚሠራው እንዲህ ነው። በጫፉ ያለው ክብ ኮይል ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ። አንዱ የሚለዋወጥ ማግኔታዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ መስኩ ያገኘው ብረታ ብረት ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነሣል፤ ሁለተኛው ጥቅልል የዚያን ፍሰት ምላሽ ይቀበላል። ምላሹ ምን ያህል ዘግይቶ እንደመጣ ተለክቶ በስክሪኑ ላይ ቁጥር ይሆናል። ብረት ዝቅ ያለ ቁጥር፣ ብርና መዳብ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ።

በዚህ ወገን ካሉት ቀላሉ የጋሬት ኤስ 300 ነው። በ8 ኪሎ ኸርትዝ ይሠራል፤ ቀላል ነው፤ አዝራሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ልጅም ይለምደዋል። ጉድለቱ ከአፈሩ ጋር የሚስማማበት ማስተካከያ በፋብሪካ ተሞልቶ የመጣ መሆኑ ነው፤ ተጠቃሚው አይነካውም። በነጣው አመድ ላይ ይህ አያስቸግርም። በባሳልት ላይ ግን ጩኸቱን ለማስቆም የሚቀረው መንገድ ሴንሲቲቪቲውን መቀነስ ነው፤ ያም ጥልቀቱን ይበላል።

ለዚህ ነው በአዳማ ለሚኖር ሰው አፈሩን በተጠቃሚው እጅ ማስተካከል የሚያስችል ማሽን የምመክረው። የጋሬት ኤቲ ፕሮ በ15 ኪሎ ኸርትዝ፣ የመጀመሪያው የኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ በ12 ኪሎ ኸርትዝ ይሠራሉ። ሁለቱም ምንም ብረታ ብረት በሌለበት ቦታ ላይ አዝራር ተይዞ ኮይሉ ከመሬት ከፍ ዝቅ ሲደረግ አፈሩን አውቀው ድምፁን ያጠፉታል። ሁለቱም 3 ሜትር ድረስ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፤ ሶደሬ ዋና ሄዶ ቀለበቱ ለጠፋበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱን ሳነጻጽር ለጀማሪ ሲምፕሌክስን አስቀድማለሁ። ኤቲ ፕሮ ድምፁ በጣም ተናጋሪ ነው፤ የለመደው ሰው ከድምፁ ብቻ ብዙ ያውቃል፤ ያልለመደው ግን ይደናገርበታል።

ስለ ፍሪኩዌንሲ ማወቅ ያለብዎት አጭር ነው። ዝቅተኛው ለትልቅና ለብር ዕቃ፣ ከፍተኛው ለትንንሽና ለወርቅ ይሻላል። ከ10 እስከ 15 ያለው መካከለኛው ለሁሉም ይሆናል።

ብዙ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ

የማይንላብ ኢኩዊኖክስ 800 እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከእርሱ ረከስ ያለው ቫንክዊሽ በ2019 ገበያ ላይ ወጡ። እነዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ልከው ምላሾቹን ያመሳክራሉ። ጥቅማቸው ከአፈር ጋር ነው፤ የመሬቱ ምላሽና የዕቃው ምላሽ በየፍሪኩዌንሲው የተለያየ ስለሆነ ማሽኑ መሬቱን ቀንሶ ዕቃውን ማስቀረት ይችላል። በጨዋማ እርጥብ መሬት ላይ ከአንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽን ጋር ያላቸው ልዩነት ወዲያው ይሰማል።

ቫንክዊሽ ከአፈሩ ጋር ራሱ ይስማማል፤ አብርቶ መሄድ ነው። ነገር ግን ውሃ ውስጥ የሚገባው ኮይሉ ብቻ ነው፤ የመቆጣጠሪያው ሣጥን መግባት የለበትም። ኢኩዊኖክስ ሙሉ በሙሉ 3 ሜትር ይጠልቃል፤ ፍሪኩዌንሲ መርጦ መሥራት፣ የድምፅ ዓይነት መለየት፣ የምላሽ ፍጥነት መቀየር ያስችላል። ይህ ሁሉ ማስተካከያ ለሚያውቅበት ሀብት ነው። ማሽኑን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚያነሣ ሰው ግን ቫንክዊሽ ይበቃዋል፤ የቀረውን ገንዘብ ለጥሩ ፒንፖይንተር (በጉድጓዱ ውስጥ ዕቃው ያለበትን ነጥብ ለሚያሳይ ትንሽ የእጅ መፈለጊያ) እና ለማዳመጫ ያውለው።

ፐልስ ኢንደክሽን፦ ለወርቅ ሜዳ እንጂ ለከተማ አይሆንም

እንደ ማይንላብ ጂፒኤክስ 5000 ያሉት ማሽኖች አሠራራቸው ሌላ ነው። አጭር ምት ልከው ይቋረጣሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። የማግኔታይቱ ምላሽ ወዲያው ሲጠፋ በብረታ ብረት ውስጥ የተነሣው ፍሰት ግን ትንሽ ይቆያልና የሚሰማው እርሱ ብቻ ይሆናል። ጉጂ ውስጥ በአዶላና በሻኪሶ ዓይነት ቀይ ማዕድናም መሬት ላይ ወርቅ ለሚፈልግ ይህ ዓይነቱ ተመራጭ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአዳማስ? በከተማውና በዙሪያው አልመክረውም። ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ከመሆኑም በላይ ሚስማርን ከብር በደንብ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር በከተማችን ያልፍ ነበር፤ ሰው በብዛት በኖረበትና ባቡር በሠራበት መሬት ውስጥ ደግሞ ምስማር፣ ብሎን፣ የሐዲድ ማሰሪያ እና የቆርቆሮ ቁራጭ ሞልቷል። ሁሉንም እየቆፈሩ መዋል ነው።

ከሩቅ ያያሉ ስለሚባሉት

እጀታና የሚወዛወዝ አንቴና ያላቸው፣ «ወርቅን ከአንድ ኪሎ ሜትር ያመለክታል» እየተባለ የሚሸጡ መሣሪያዎች አሉ። አይግዙ። ሰው ቤቱን አስይዞ ገንዘብ ሲያወጣባቸው ማየት ያንገበግባል። የተቀበረ ወርቅ ከሩቅ የሚያዝ ምልክት አይልክም፤ አንቴናውን የሚያንቀሳቅሰው የያዘው ሰው እጅ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ማኮርሚክ ኤዲኢ 651 የተባለ ይህን የመሰለ ዕቃ የፈንጂ መፈለጊያ ነው ብሎ ለኢራቅ በብዛት ሸጦ፣ ሰዎች በፍተሻ ኬላ ላይ ሕይወታቸውን አምነውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በማጭበርበር ተፈርዶበት 10 ዓመት እስራት ተቀጣ። ሻጩ ሊያሳምንዎ ከፈለገ አንድ ፈተና ይበቃል፤ የወርቅ ቀለበት ከአምስት ተመሳሳይ ካርቶኖች በአንዱ ሥር እርሱ ሳያይ ይደበቅና ደጋግሞ ያግኝ።

ኮይል

ሰፊ ኮይል ጠለቅ ይላል፤ ትንሽ ኮይል በሚስማር መካከል ያለውን ለይቶ ያወጣል። ዲዲ የሚባለው፣ ሁለቱ ጥቅልሎች የ«D» ፊደል ቅርጽ ይዘው ጎን ለጎን የተደረቡበት ኮይል፣ በማዕድናም አፈር ላይ ኮንሴንትሪክ ከሚባለው (አንዱ ክብ ጥቅልል በሌላው ውስጥ ከሆነበት) የተሻለ ይረጋል። አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዲዲ ይበቃል። ሳንቲም የሚያህል ነገር በመልካም አፈር ላይ የሚሰማው በግምት የኮይሉን ስፋት ያህል ጥልቀት ድረስ ነው። ስለዚህ በጥቁር ባሳልት ላይ ከዚያ ያነሰ ይጠብቁ፤ «ሳንቲም በሁለት ሜትር» የሚል ካለ አይመኑ።

መማሪያ መደብ

ማሽኑ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ የሚማሩት በራስዎ ግቢ ነው። ጥግ ላይ አንድ መደብ ያዘጋጁ፤ አፈሩን በማሽኑ ፈትሸው ያለውን ብረታ ብረት ሁሉ ያውጡ። ከዚያ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሴንቲ ሜትር የሚያውቁትን ዕቃ ይቅበሩ፤ ከላይ በእንጨት ምልክት ያድርጉ። የብር ቀለበት፣ የመዳብ ሽቦ፣ የዛገ ሚስማር፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የካራሜላ ፎይል፣ የዛሬ ሳንቲሞች። ሳንቲሞቹን ከመቅበርዎ በፊት ማግኔት ያስጠጓቸው፤ የሚሳበው ሳንቲም በማሽኑ ላይ እንደ ብረት ያስቸግራል።

አሁን ኮይሉን መሬቱን ሳይነካ በጣም አስጠግተው፣ ሳያዘነብሉ፣ በዝግታ ይጥረጉ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በማወዛወዝ ዳር ላይ ኮይሉን ወደ ላይ በማንሣት ነው፤ በዚያ ቅጽበት አፈሩ ይርቅና የውሸት ድምፅ ይወጣል። ብሩ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ክብና የተሟላ ነው፤ ቁጥሩም አይዘልም። ዘጠና ዲግሪ ዞረው ከሌላ አቅጣጫ ቢጠርጉም ያው ነው። ሚስማሩ ላይ ግን ከአንድ ወገን ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥቶ ከሌላው ወገን ይጠፋል፣ ወይም ይንኮሻኮሻል። ቆርኪ ከሁሉ የከፋ አታላይ ነው፤ በኮይሉ መካከል ሲያልፍ እንደ ብር ይጮኻል። መላው ይህ ነው፤ በዲዲ ኮይል አጭር አጭር እየጠረጉ ወደ ራስዎ በዝግታ ይሳቡት፤ የኮይሉ ጫፍ ቆርኪው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰብሮ ወደ ወፍራሙ የብረት ድምፅ ይወርዳል። ብር ይህን አያደርግም። ይህን በጆሮዎ እስኪለዩ ድረስ ከግቢ አይውጡ።

ዲስክሪሚኔሽን የሚባለው፣ የማይፈለገውን ብረታ ብረት ድምፅ የሚያጠፋው ማጣሪያ፣ ጀማሪውን ያጓጓዋል። ይጠንቀቁ፤ ፎይልና ቀጭን የወርቅ ቀለበት በስክሪኑ ላይ በአንድ አካባቢ ነው የሚወድቁት። የፎይሉን ድምፅ ያጠፋ ወርቁንም አጥፍቷል። በመማሪያው መደብ ላይ ማጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ሁሉንም ይስሙ፤ መምረጡን ጆሮዎ ይልመድ።

አሮጌ ማርያ ቴሬዛ ብር ያለው ዘመድ ካለዎት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይዋሱት። 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 83 በመቶ ያህሉ ንጹሕ ብር የሆነ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቲም ነውና ከፍ ያለ ንጹሕ ድምፅ ምን እንደሚመስል ከእርሱ የተሻለ የሚያስተምር ዕቃ አላውቅም። አይቅበሩት፤ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፈው ያስቀምጡትና ኮይሉን ከላዩ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ያዳምጡ። በላዩ ያለው 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተመታበት ጊዜ ነው ብለው አይሳሳቱ፤ ለብዙ ዘመን ሲመታ ሁሉ ይኸው ቁጥር ይጻፍበት ነበር።

ድምፅ ሰምተው ሲቆፍሩ ሸክላ፣ ከሰል ወይም የባልጩት ስባሪ ከታየ እጅዎን ያንሡ፤ ቦታውን ፎቶ አንሥተው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ትልቅ የብረት ድምፅ ተከትለው የጥይት ወይም የቦምብ ቅርጽ ካዩም አይንኩ፤ ርቀው ለፖሊስ ይደውሉ። የቆየ ፈንጂ ዛገ ማለት ሞተ ማለት አይደለም።

ያገለገለ ማሽን ሲገዙ

ያገለገለ ማሽን መግዛት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ለጀማሪ ጥሩ ነው። ወደ ሻጩ ሲሄዱ የብር ቀለበት፣ ሚስማርና ቡጢ የምታህል ጥቁር ድንጋይ ይዘው ይሂዱ። ማሽኑን ቤት ውስጥ አይፈትኑ፤ የብረት በርና የኤሌክትሪክ ሽቦ ያሳስቱዎታል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1881 በፕሬዚዳንት ጋርፊልድ አካል ውስጥ የቀረውን ጥይት በመሣሪያው ሲፈልግ የአልጋው የብረት ሽቦ አስቸግሮታል። ግቢ ወይም ሜዳ ላይ አብርተው፣ ገመዱ ኮይሉ ጋር የሚገባበትን ቦታ ቀስ ብለው ያወዛውዙ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል። የባትሪውን ሣጥን ከፍተው አረንጓዴ ዝገት እንደሌለ ይመልከቱ። ድንጋዩን ከኮይሉ ፊት ያሳልፉ፤ ማሽኑ ከአፈር ጋር የሚስማማ ከሆነ ማስተካከያውን ነክተው ድንጋዩን ዝም ማሰኘት አለብዎት። ከዚያ ቀለበቱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ይድገሙት፤ ቀለበቱ ጥርት ብሎ ከተሰማ ዋጋውን መነጋገር ይጀምሩ።